ስድስተኛው ቅብ

ሄርማታ፣ ከጫማ መደብሩ በላይ፣
አንድ ሰሌዳ አለኝ ከመንገድ የሚታይ።
ዳር ዳሩን የጅማ ዝናብ በልቶታል፤
መሐሉን አምስት ጊዜ ብሩሽ ጎብኝቶታል።

«ፓስካል» ነበር ያኔ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
አንብቦ የገባ ከሦስት ሰው በቀር የለም፤
ኮምፒውተሬም አንድ፣
ጣት በጣት ላይ ወጥቶ ስንጋፋ፣ ስንለምድ።
ቀጥሎ «ቤዚክ» ሆነ፣ በቀይ ተጻፈ፤
ቀዩ ሳይደበዝዝ ዘመኑ አለፈ።

ከዚያ «ጃቫ» መጣ።
ይሄኔ ብሩሹን ጣሉት አባ ፊጣ፦
«ስሚ ልጄ ነዚፋ፣ የሰው አገር ቡና
ጅማ ላይ አልሰቅልም፣ ገና አላበድኩምና!»
ሰቀሉት ግን ኋላ። በፊደል ነው ሒሳቡ፤
ቋንቋ ሲሾም ሲሻር ይገባል ቀለቡ።

«ፒኤችፒ»ም ነበር፣ በመሐል፣ ለአጭር ጊዜ፤
የእሱን ነገር ተዉት፣ ይመጣል ትካዜ።
«ፓይተን»ን ዘንዶ ነው ብላቸው፣ ጠይቀው፣
ሳሉት አረንጓዴ፣ ከፊደል አጣብቀው፤
ያን ሰሞን ጫማ ገዢ ቀና ባለ ቁጥር
አንድ እግሩን ተጫምቶ ይሮጣል ወደ ዳር።

ዘንድሮ ሸምሲያ፣ ከኪቶ የመጣች፣
ስልኳን አስጠግታ ሠንጠረዥ አሳየች፦
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሽቅብና ቁልቁል፣
ቀስት በቀስት ላይ በየወሩ ሲተከል።
«ፓይተን ይመራል፤ ‹ረስት› ግን ሽቅብ ይላል፤
ቲቸር፣ ሰሌዳው ዘንድሮም ይቀባል?»

«በምን ቆጠሩት?» አልኳት።
«ሰው በጠየቀው ልክ።
ስንቱ ግራ ገብቶት፣ ሌሊት፣ ሲነካካ ስልክ፣
የትኛውን ስም ጽፎ መልስ እንደ ፈለገ።»

አባ ፊጣ ከደረጃው፣ ቆርቆሮውን እንደያዙ፦
«ታዲያ ይኼ የጠፋ ሰው ቆጠራ ነዋ!
አዌቱ ድልድይ ጋ ቁሚና እዪ እስቲ፤
‹ጅሬን በየት በኩል?› ባዩ እንግዳ ነው።
የጅሬን ልጅማ መች መንገድ ይጠይቃል?
ዝም ብሎ ያልፋል፤ ዝም ያለን ማን ያውቃል?»

ትዝ አለኝ ስንሻው፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም፤
በ«ፎክስፕሮ» የጻፈው ዛሬም አልቆመም።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ፊደል፣
ኩንታሉ ይገባል፣ የገበሬው ብር ይወጣል።
ስንሻው ስለሱ ማንንም አልጠየቀ፣
ስንሻውንም ማንም።
መብራት ሲሄድ ይተኛል፤ ሲመለስ ይነሣል፤
በየትኛው ሠንጠረዥ፣ በየትኛው ቀስት ይነሣል?

«እሺ፣ ምን ልጻፍልሽ?»
ሸምሲያ ቀደመችኝ፦ «ረስት ይሁን»፤ ትርጉሙን ነገረቻቸው።
እስኪያስላቸው ሳቁ፦
«ዝገትማ ከሆነ እኔን ለምን ጠራሽ?
ዝናቡ በነፃ ዳር ዳሩን ጻፈልሽ!»

ከዚያ መፋቅ ጀመሩ።
ዘንዶው በቅርፊት በቅርፊት ወረደ፣
የሰው አገር ቡና ከሥሩ ብቅ አለ፣
ከዚያ ቀይ፣
ከሁሉ በታች ያ ሰማያዊ፣
ምንም ያልነካው፣ የሦስት ሰው ቀለም።
ከሦስቱ አንዱ ስንሻው ነበር።

«ስም ይቅር» አልኳቸው፤
«‹ቋንቋ እናስተምራለን› ይበቃል።»
«የየት አገር ቋንቋ ብሎ ሰው ቢጠይቅስ?»
«ይጠይቅ። ደረጃውን ይውጣና ይጠይቅ።»

አባ ፊጣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቆጠሩ፤
ቆጥረው ደገሙት፤
«አሥራ አንድ ፊደል፣ በሠላሳ በሠላሳ፣
ሦስት መቶ ሠላሳ።»

ሸምሲያ ከስልኳ ቀና ሳትል፦
«‹ሲ› ብትይ ኖሮ፣ ቲቸር፣
በሠላሳ ብር ትገላገዪ ነበር።»